«ቲዩብ ካልሆነ አምፕ አይባልም» የሚሉት ነገር

ጥፋቱ የራሴ ነው። አምፑ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ዘመድ በካርቶን ጠቅልሎ፣ የትርፍ ኪሎ ከፍሎበት ያመጣልኝ ባለ ቲዩብ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። ካዛንቺስ በምንለማመድባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሶኬት ላይ ስሰካው ጀርባውን አላነበብኩም። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። የእኛ መብራት 220 ነው። መጀመሪያ አጉረመረመ። ቀጥሎ ከኋላ የተደረደሩት ቲዩቦች እንደ አምፖል ቦግ አሉ። ጊታሬን እንኳ ሳላነሳ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝና ሁሉም ጸጥ አለ።

ፒያሳ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ወደኖሩ አንድ አዛውንት ይዤው ሄድኩ። ክዳኑን ሳይከፍቱ ነው የገባቸው።

«ከውጭ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ከአሜሪካ።»

«ባለ 110 ነዋ! እንዲሁ ሰካኸው?»

ዝም አልኩ።

«ይሁን። ዕቃውስ ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ልጄ፣ ይሄን ቲዩብ አሁን ከየት አባቴ ላምጣልህ?»

ክዳኑን ከፈቱት። እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት ግን ጫፉ ላይ ሬዚስተር የተበየደበት ሽቦ ከመሳቢያ አውጥተው ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ካፓሲተሮች አንድ በአንድ ነካኩበት። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። «ተነቅሎም ይመታል ይሄ» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ያን ሳምንት ያልመከረኝ ሰው የለም። ግማሹ «ሶሊድ ስቴት ግዛና ተገላገል» አለኝ፤ ቲዩብ የሌለውን፣ በትራንዚስተር የሚሠራውን ማለቱ ነው። ግማሹ ደግሞ «ቲዩብ ካልሆነ አምፕ አይባልም» አለ። ሁለቱም ወገን ለምን እንደሚል ሲጠየቅ ግን መልሱ «በቃ ድምፁ ነዋ!» ከሚል አያልፍም። እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ አምፕሊፋየር ሥራው ምንድን ነው?

የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ሲነካ ከሥሩ ባለው ማግኔትና ቀጭን የሽቦ ጥቅል ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ቮልት በታች ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር በ100 ዋት እንዲጮህ ግን ወደ 28 ቮልትና ከ3 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚገታበት መጠን ነው። ያን ትንሽ ነገር እዚህ ማድረስ ነው የአምፑ ሥራ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አምፑ ከጊታሩ የመጣውን ኤሌክትሪክ ራሱን አያሳብጠውም። የቧንቧ መክፈቻ አስቡ። ውሃው የሚመጣው ከትልቁ ታንከር ነው፤ እጃችሁ ግን መክፈቻውን ወዲህና ወዲያ ከማዞር ሌላ ሥራ የለውም። ትንሽ ጉልበት ብዙ ውሃ ታዛለች። አምፑ ውስጥ ታንከሩ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው መብራት ነው። መክፈቻውን የሚያዞረው እጅ የጊታራችሁ ድምፅ ነው። ስፒከሩን የሚገፋው ውሃ እንግዲህ የመብራት ኃይል ነው ማለት ነው።

ይህ በሁለት ደረጃ ይከናወናል። ፕሪአምፕ የሚባለው ክፍል ደካማውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ቤዙንና ትሬብሉን ያስተካክላል። ፓወር አምፕ ደግሞ ስፒከሩን የሚገፋውን ጉልበት ይሰጣል። በቲዩብና በሶሊድ ስቴት መካከል ያለው የመጀመሪያ ልዩነት መክፈቻው ከምን ተሠራ የሚለው ነው።

ቲዩቡ ውስጥ ምን አለ?

ምንም። አየሩ ወጥቶ ባዶ የሆነ ብርጭቆ ነው። እርግጥ ባዶው ውስጥ ጥቂት ብረታ ብረት ቆሟል። አንደኛው ሲግል ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይነሳሉ። ሌላው፣ ከፍተኛ ቮልት የተሰጠው፣ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። በመካከላቸው እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ አለ። የጊታሩ ድምፅ የሚገባው ወንፊቱ ላይ ነው፤ አንዴ ያሳልፋቸዋል፣ አንዴ ይከለክላቸዋል። ይህን ሦስተኛ አካል የጨመረው አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ነው፤ ጊዜው 1906 ነበር።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቲዩብ ካልጋለ አይሠራም፤ ስለዚህ ባለ ቲዩብ አምፕ ሲበራ ትንሽ መጠበቅ ግድ ነው። ደግሞም ቮልቱ ከባድ ነው። ብዙዎቹ የጊታር አምፖች ውስጥ ከ250 እስከ 500 ቮልት ይገኛል። አዛውንቱ ያን ሽቦ ያወጡት ወደው አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል። ቲዩብ ቮልቱ ብዙ፣ አምፔሩ ግን ትንሽ ነው። ስፒከር የሚፈልገው የዚህን ግልባጭ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ብረትና መዳብ የተጠቀጠቀበት ትራንስፎርመር መግባት አለበት። ባለ ቲዩብ አምፕ ተሸክማችሁ ፎቅ ወጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ ወገባችሁን ያጎበጠው እሱና ሌላው የመብራት ትራንስፎርመር ናቸው።

ትራንዚስተሩስ?

ያው መክፈቻ ነው። ልዩነቱ ኤሌክትሪኩ ባዶ ቦታ አቋርጦ አይሄድም፤ ሲሊከንን በመሰለ ጠጣር ነገር ውስጥ ያልፋል። ሶሊድ ስቴት የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ትራንዚስተር የተወለደው በታኅሣሥ 1947 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ነው። ባርዲን፣ ብራተይንና ሾክሊ በዚህ ሥራ የ1956ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

የሚግል ሽቦ የለውም፤ ሲበራ ወዲያው ይሠራል። የሚፈልገው ቮልት አሥር ቤት ውስጥ ያለ ነው። ስፒከሩንም ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ሊገፋ ይችላል። እንደ አምፖል ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር ውስጡ ስለሌለ በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዓመት ይኖራል።

እሺ፣ ታዲያ ድምፁ ለምን ይለያያል?

ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ቮሊዩሙ መካከለኛ ሆኖ አምፑ ከአቅሙ በታች ሲሠራ ሁለቱም የገባላቸውን ነገር አጉልተው ያወጣሉ። ልዩነቱ ቢኖርም ትንሽ ነው። ጉዱ የሚመጣው አቅም ሲያልቅ ነው።

ማንኛውም አምፕ ጣሪያ አለው። ከዚያ በላይ ቮልት መስጠት አይችልም። አሁን ለሰርግ የተተከለ ድንኳን ውስጥ አንድ ልጅ ሲዘል አስቡ። ጭንቅላቱ ሸራውን ሲነካ ሸራው ትንሽ ይለጠጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ያው ልጅ ኮንክሪት ጣሪያ ሥር ቢዘልስ? ቋ! ቲዩብ ድንኳን ነው። የድምፁ ሞገድ ጣሪያው ጋ ሲደርስ ጫፉ እየተጠጋጋ ይሄዳል። ትራንዚስተር፣ ባለሙያ ካላለሰለሰው በቀር፣ ኮንክሪት ነው፤ የሞገዱ ጫፍ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ይህ ለጆሮ ምን ያደርጋል? ጊታሩ ላይ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ መታችሁ እንበል። ሞገዱ ሲበላሽ መጀመሪያ ያልነበሩ ድምፆች ይጨመሩበታል፤ 880፣ 1,320፣ 1,760 እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ጫፉ በእርጋታ ሲጠጋጋ በብዛት የሚጨመሩት ታችኞቹ ናቸው። እነሱ ከዋናው ድምፅ ጋር ስለሚስማሙ ድምፁ የወፈረ፣ የሞቀ ይመስላል። በድንገት ሲቆረጥ ግን እላይ ያሉት ቀጫጭኖች ይንጋጋሉ። ጊታሪስቶች «ይጮርራል»፣ «ዝንብ ይመስላል» የሚሉት እሱን ነው።

ሁለተኛ ነገር አለ፤ ብዙ አይወራለትም። ስፒከር ላይ 8 ኦም ተብሎ ይጻፍ እንጂ ሁልጊዜ 8 አይደለም። አንዳንድ ወፍራም ድምፆች ላይ፣ ደግሞም ወደ ቀጫጭኖቹ ሲወጣ፣ ቁጥሩ በጣም ያድጋል። ባለ ቲዩብ አምፕ ልጓሙን ላላ አድርጎ ስለሚይዝ ስፒከሩ እነዚያ ቦታዎች ላይ ደስ እንዳለው ይጨፍራል። የተለመደው ሶሊድ ስቴት ደግሞ ልጓሙን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ለዘፈን ማዳመጫ የሚፈለገው ይህ ጠበቅ ያለው ነው። ለጊታር ግን «ደረቅ ነው» ያሰኘዋል። ዛሬ ጥሩ ሶሊድ ስቴት የጊታር አምፕ የሚሠሩ ሰዎች ሆን ብለው ልጓሙን የሚያላሉት ለዚህ ነው። ጣሪያውንም ዳዮድ በሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እያለሰለሱ ድንኳን ያስመስሉታል።

ሦስተኛው የጣት ስሜት ነው። ባለ ቲዩብ አምፕ ኃይለኛ ምት ሲመጣበት ውስጡ ያለው ቮልት ለቅጽበት ይወርድና መልሶ ይነሳል። ድምፁ መጀመሪያ ዝቅ፣ ከዚያ ሙልት ይላል። ተጫዋቹ ይህን ከጆሮው ይልቅ በእጁ ነው የሚያውቀው። ይህ እውነተኛ ነገር ነው፤ ፉገራ አይደለም።

እኛ ግን ምን እንጫወታለን?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ስለ ቲዩብ የሚወራው አብዛኛው ነገር የሮክና የብሉዝ ወሬ ነው። እዚያ ድምፁ ጣሪያውን እንዲመታ ይፈለጋል፤ ውበቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

የእኛ ጊታር ታሪክ ሌላ ነው። ትዝታ ወይም አምባሰል ሲጫወት አንድ ድምፅ ብቻዋን ወጥታ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ወደ ቀጣዩዋ ትንሸራተታለች። ክራር እንደሚናገረው ነው። ድሮ ባንዶቻችን ላይ የምንሰማው ጊታርም ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው፤ ዋህ ፔዳል (በእግር የሚረገጥ ድምፅ መቀየሪያ) ወይም የሚርገበገብ ኢፌክት ይደረብበታል እንጂ ጣሪያ አይነካም። ለጥርት ያለ ድምፅ ደግሞ ሶሊድ ስቴት የሚያፍርበት ነገር የለም። የኤሌክትሪክ ክራር የሚጫወት ሰውም እንደዚያው ነው። የክራሩን ድምፅ ቅጭም ሳያደርግ የሚያወጣ አምፕ ነው የሚፈልገው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው በ1975 የወጣው የሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 ነው። ፍጹም ሶሊድ ስቴት ነው። ውስጡ ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖችና ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች አሉ። ኮረስ የሚባለው ኢፌክት ሲከፈት አንደኛው ስፒከር ድምፁን እንዳለ ያወጣል፤ ሁለተኛው ትንሽ እያወዛወዘ ያወጣዋል። ሁለቱ የሚቀላቀሉት ሽቦ ውስጥ ሳይሆን አየር ላይ፣ እናንተ ቆማችሁ በምትሰሙበት ክፍል ውስጥ ነው። ፊቱ ቆሞ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ድምፁ እንዲሻክር ስትፈልጉስ? ፔዳል አለ። ነገሩ ፈገግ የሚያሰኘው እዚህ ላይ ነው። ከዓለም ታዋቂ ፔዳሎች አንዱ የሆነው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር፣ ስሙ ቲዩብ ይላል፣ ውስጡ ግን አንድም ቲዩብ የለም። አይሲ (ቺፕ)፣ ትራንዚስተርና ዳዮድ ነው። ቲዩብ ብቻ የሚሉት ሰዎች ሳይቀሩ እግራቸው ሥር ሶሊድ ስቴት አስቀምጠው ነው የሚጫወቱት።

ታዲያ ሶሊድ ስቴት ስሙ የጠፋው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ላይ በእርግጥም ቀሽም ስለነበረ። የጊታርና የአምፕ ሠሪውን ፌንደርን በ1965 ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ብሮድካስት ኩባንያ ገዛው። በ1966 የመጀመሪያዎቹ የፌንደር ሶሊድ ስቴት አምፖች ገበያ ወጡ። ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ነበር። የዚያን ጊዜ ትራንዚስተር ሙቀት ሲበዛበት ወይም የስፒከር ሽቦ ሲነካካ በቅጽበት ይሞታል። ቲዩብ ግን እንዲህ ያለ ስህተት ለትንሽ ጊዜ ይችላል። ሙዚቀኛ ደግሞ መድረክ ላይ የከዳውን ዕቃ አይረሳም።

ሌላው ምክንያት ለጀማሪ የሚሸጡት ትንንሽ አምፖች ናቸው። አብዛኞቻችን ሶሊድ ስቴትን የምናውቀው በእነሱ ነው። ባለ 6 ወይም ባለ 8 ኢንች ስፒከር፣ በቀጭን ሳጥን ውስጥ። የዚያ ድምፅ መጥፎነት ከትራንዚስተሩ ይልቅ የስፒከሩና የሳጥኑ ጥፋት ነው ባይ ነኝ። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ ቢ ኪንግ ለረጅም ዓመታት የተጫወተበት ላብ ሲሪስ ኤል 5 ሶሊድ ስቴት ነበር። የእሱን ጊታር ሰምቶ «ይሄ ደረቅ ነው» ያለ ሰው አላውቅም።

አዲስ አበባ ላይ ሲሆን ምን ይለያል?

ብዙ ነገር። ከመብራቱ እንጀምር።

የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ፣ ቲዩብም ይሁን ትራንዚስተር፣ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ገበያ ላይ ይገኛል። ስትገዙ የተጻፈበት ዋት አምፑ ጀርባ ላይ ከተጻፈው የመብራት ፍጆታ በደንብ መብለጥ አለበት። የድምፁን ዋት አይታችሁ አትግዙ፤ ባለ 40 ዋት የቲዩብ አምፕ ከሶኬት የሚወስደው ከ100 ዋት በላይ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ይህ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ብቻ የተሠራ አምፕ 50 ላይ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል።

ከዚያ የመብራቱ ጠባይ አለ። ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። ቲዩብ ይህን ወዲያው ያስታውቃል፤ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ብዙዎቹ ሶሊድ ስቴት አምፖች ቢያንስ ፕሪአምፓቸው ቮልቱን ቆንጥጦ የሚይዝ ነገር ስላለው ያን ያህል አይሰማቸውም። ሄዶ የሚመለስ መብራት ግን የሁለቱም ጠላት ነው። መብራት ሲሄድ ወዲያው አምፑን አጥፉት፤ ንቀሉትም። ሲመጣ አብሮት የሚመጣው ዝላይ ነው የሚያቃጥለው። ተረጋግቶ ሲቆም መልሳችሁ ስኩት። ስታቢላይዘር ካላችሁ እሰየው።

የመሬት ሽቦ ጉዳይም አለ። ባለ ሦስት ጫፉን ሶኬት በባለ ሁለት ጫፍ ማገናኛ መሰካት ለምዶብናል። ጊታር ይዞ ሲዘፍን ከንፈሩን ማይኩ የነዘረው ሰው ምን እንደምል ያውቃል። አምፑ የአንዱን መስመር መሬት፣ ማይኩ የሌላውን ሲይዙ እናንተ በመካከል ሽቦ ትሆናላችሁ። ይህ ይገድላል። የመሬቱን ጫፍ ቆርጦ የሚሰካላችሁን ሰው «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» በሉት።

ቀጥሎ መለዋወጫ። የፓወር ቲዩቦች ያልቃሉ። በየሳምንቱ ለሚጫወት ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ፤ የፕሪአምፖቹ ከዚያም ይበልጣሉ። በዓለም ላይ እነዚህን በብዛት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው። ዋና ዋናዎቹ ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ይገኛሉ። በመጋቢት 2022 ከሩሲያ የሚወጣው ሊቋረጥ ነው ሲባል ኒው ዮርክ ያለው ጊታሪስት ሳይቀር ደንግጦ ነበር። እኛ ዘንድ ኢኤል 34 ወይም 12 ኤኤክስ 7 የሚባለውን ቲዩብ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው መንገደኛ ነው። ቲዩቡ ደርሶም ሁሉ ነገር አያልቅም፤ ብዙ አምፖች ላይ የፓወር ቲዩብ ሲቀየር የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በመለኪያ መስተካከል አለበት።

ትራንዚስተሩ ጋ ሁኔታው ሌላ ነው። ትንንሽ አምፖች ውስጥ የሚገኘው ቲዲኤ 2030 የሚባለው ቺፕ የቤት ስፒከሮችም ውስጥ ያለ ነው። ጠጋኙ ከአሮጌ ቦርድ ላይ ነቅሎ ሊያወጣው ይችላል። እዚህ ላይ ግን ላለመዋሸት ያህል፣ አዳዲሶቹ ላይ ክፍሎቹ የሰሊጥ ፍሬ እያከሉ መጥተዋል። እነዚያ ሲበላሹ ቦርዱን ሙሉ ቀይር ነው የሚባለው። የድሮ ቲዩብ አምፕ ቢያንስ ለብየዳ እጅ ያስገባል።

ከፍታችንም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ጠርጎ የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። አምፕ ሁሉ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ስለዚህ ጀርባውን ከግድግዳ አታጣብቁት፤ ጃኬታችሁንም አትጣሉበት።

ክብደቱን ረዳቶች ያውቁታል። የፌንደር ትዊን ሪቨርብ ባለ ቲዩቡ ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል። በ2019 የወጣው፣ መልኩ ቁርጥ እሱን የሆነውና ውስጡ ግን ዲጂታል የሆነው ቶን ማስተር 15 ኪሎ ገደማ ነው። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሚኒባስ ይዛችሁ ስትሄዱ ልዩነቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ነው። «ወንድም፣ ይሄ እኮ ወንበር ይዟል» ተብዬ ለሁለት ሰው ከፍያለሁ።

ስንት ዋት ይበቃኛል?

100 ዋት የ50 ዋትን እጥፍ አይጮህም። ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ልብ ይለዋል፣ ግን ብዙ አይደለም። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ባለ 5 ዋቱን በእጥፍ የሚበልጠው ባለ 50 ነው ማለት ነው።

«የቲዩብ ዋት ከትራንዚስተር ዋት ይጮሃል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ዋት ዋት ነው። ነገር ግን ድንኳኑን አስታውሱ። ባለ ቲዩቡን ጣሪያውን አልፋችሁ ብትከፍቱት ድምፁ ደስ ይላል፤ ስለዚህ ይከፈታል። ትራንዚስተሩ ግን ጣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት እንዲቆም ትፈልጋላችሁ። በዚህ የተነሳ ከድራም ጋር ለመጫወት ባለ ቲዩብ ከ15 እስከ 30 ዋት ሲበቃ፣ ሶሊድ ስቴት ከ50 እስከ 100 ዋት ይመከራል።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። ባለ ቲዩቡ የሚጥመው ጮክ ሲል ነው። ጎረቤት ደግሞ ግድግዳ ይመታል። ብዙዎቹ ትንንሽ ሶሊድ ስቴት አምፖች የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አላቸው።

ሞዴሊንግ የሚሉትስ?

ሦስተኛ መንገድ ነው። ድምፁ ወደ ቁጥር ይቀየራል፣ ትንሽ ኮምፒውተር የታወቁ አምፖችን ጠባይ ያሰላበታል፣ ከዚያ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። ስፒከሩን የሚገፋው በመጨረሻ ያው ትራንዚስተር ነው። የቦስ ካታና ቤተሰብ በዚህ ይታወቃል። አንዳንዱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ሁሉንም ይቀበላል። ግን «አንዳንዱ» ነው ያልኩት፤ ጀርባውን አንብቡ። ከእኔ ተማሩ።

ያገለገለ ልገዛ ነው፤ ምን ልይ?

አሁንም ጀርባውን። «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» የሚል ነገር ፈልጉ። ከዚያ ምንም ሳትሰኩ አብሩትና አዳምጡ። ትንሽ ሽሽታ ያለ ነው፤ ወፍራም ጉርምርምታ ግን ያረጀ ካፓሲተር ወይም የመሬት ሽቦ ችግር ያመለክታል። መጠምዘዣዎቹን ስታዞሩ ከተንኮሻኮሹ አትደንግጡ፣ በኮንታክት ማጽጃ ይስተካከላል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ተጠቀሙበት። ሻጩ ቡና እስኪጠጣ ድረስ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ተጫወቱበት። ብዙ ብልሽት የሚታየው ዕቃው ሲሞቅ ነው።

የስፒከሩን ኦም አትሳቱ። ሁለቱ ዓይነቶች የሚሞቱት በተቃራኒ ስህተት ነው። ባለ ቲዩብ አምፕ ስፒከር ሳይያያዝለት ከተከፈተ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ሶሊድ ስቴት ያለ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ከተጻፈለት ኦም በታች የሆነ ስፒከር ከተሰጠው ግን ይግላል፣ ከዚያ ይሄዳል።

የእኔን አምፕ ለመጨረሻ ጊዜ ልመልሰው። አዛውንቱ ቲዩቦቹንና ትራንስፎርመሩን ካዩ በኋላ ወደ ስፒከሩ ዞሩ። ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ ውስጥ ባትሪ አወጡና በሁለት ሽቦ የስፒከሩን ጫፎች ነኩት። ጡፍ አለ፤ ወረቀቱ ወደ ፊት ወጥቶ ተመለሰ። በቴስተር ለኩት፤ 6 ነጥብ ምናምን አሳየ። «ባለ 8 ነው፣ ደህና ነው። ስፒከር ሲለካ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየው። ይሄን እንዳትጥል» አሉኝ።

አልጣልኩትም። አንድ ጓደኛዬ ስፒከሩ የተቀደደበት ባለ 60 ዋት ሶሊድ ስቴት አምፕ ነበረው፤ ጀርባው ላይ «ከ8 ኦም በታች አይሆንም» ይላል። ከእሱ አንድ ገመድ ስበን ከእኔው ሳጥን ጋር አገናኘነው፤ ያው ባለ 12 ኢንቹ ስፒከር ውስጡ እንዳለ ነው። ቲዩቦቹን የሚያመጣው መንገደኛ እስካሁን አልመጣም። ኪቦርድ ተጫዋቻችን ግን የድሮው አምፕ ተጠግኖ እየሠራ ይመስለዋል።